ዘመናዊ ታሪክን ለመማር ስለሚያስፈልገው ዝግጅት፤ የውጫሌ ውል እንደ ምሳሌ

መግቢያ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት ለታሪክ ተማሪ የተነገረ ይመስላል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ታሪክ ማለት የነገሥታትን ስምና የጦርነትን ዓመተ ምሕረት በቃል መያዝ መስሎን ነበር፤ ፈተናም ሲደርስ የያዝነውን ሁሉ በወረቀቱ ላይ አፍስሰን እንወጣ ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በገባን ጊዜ ግን በችኮላ የታጠቅነው መቀነት በመጀመሪያው ሩጫ ተፈታብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ትምህርታችን ስለ ውጫሌ ውልና ስለ ዐድዋ ጦርነት አጭር ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ውሉ በ1881 እንደ ተፈረመ ከአንድ የአማርኛ መጽሐፍ አገኘን፤ ጦርነቱ በ1896 እንደ ሆነ ደግሞ ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘን። ከዚያም ያለ አንዳች ጥርጣሬ «ዳግማዊ ምኒልክ የኢጣልያን ተንኰል 15 ዓመት ታግሠው ኖሩ» ብለን ጻፍን። መምህራችን ከዐረፍተ ነገሩ ሥር በቀይ ቀለም አስምረው «በማን አቆጣጠር?» ብለው ብቻ መለሱልን። በእውነቱ ከውሉ እስከ ጦርነቱ ያለው ዘመን ሰባት ዓመት እንኳ አይሞላም። እኛ የአንዱን ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ የሌላውን ቀን ከኤውሮጳውያን አቆጣጠር ወስደን በማቀናነሳችን ለንጉሠ ነገሥቱ ያልታገሡትን ትዕግሥት ሰጠናቸው።

በዚያ ቀን አፈርን፤ ነገር ግን ዕፍረቱ ትምህርት ሆነን። ስለዚህ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ዘመናዊ ታሪክን ለመማር የሚሰናዱት ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እኛ በወደቅንበት ጉድጓድ እንዳይወድቁ በማሰብ ይህን አጭር ጥናት አቅርበናል። ብዙ ምክር ከመደርደር ይልቅ አንድ ምሳሌ፥ ይኸውም የውጫሌን ውል ወስደን፥ ከእርሱ ምን ምን ዝግጅት እንደሚያስፈልግ ለማሳየት እንሞክራለን። የጽሑፋችንም አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ለታሪክ ትምህርት መዘጋጀት ማለት ብዙ ነገር አስቀድሞ ማወቅ አይደለም፤ የምናውቀው ነገር በምን ላይ እንደ ቆመ መጠየቅን መልመድ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ተማሮች ደግሞ የዚህ ጥያቄ በር ቋንቋ ነው።

ሀ/ ስለ ዘመን አቆጣጠር

በአገራችን ልማድ ዘመናዊ ታሪክ ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ መጫን ከ1847 ዓ.ም. ይጀምራል። ከዚህ ዘመን ወዲህ የኢትዮጵያ ጉዳይ በአንድ ወገን በእኛ ጸሓፊዎች፥ በሌላ ወገን በውጭ አገር መልእክተኞችና መንገደኞች የተጻፈ ስለ ሆነ ተማሪው ሁለቱንም አቆጣጠር በአንድነት መያዝ ይገባዋል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ የኤውሮጳውያን አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ በኢትዮጵያው ቍጥር ላይ 7፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 መጨመር ነው። ስለዚህ «1881» ብቻውን የተጻፈ እንደ ሆነ የ1888ን መጨረሻና የ1889ን አብዛኛውን ክፍል አንድ ላይ ያቅፋል። ወሩ ካልተጠቀሰ ዓመቱ ብቻውን አያስተማምንም።

ቀኑም ቢሆን እንደዚሁ ነው። የዐድዋ ጦርነት የተደረገበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በኤውሮጳውያን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ቀን ነው። ምክንያቱም በ1900 እ.ኤ.አ. ኤውሮጳውያን በየአራት ዓመቱ የሚጨምሩትን ቀን ስለ ተዉት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። ይህን ያላወቀ ተማሪ ሁለት መጻሕፍት ተጣሉ ብሎ ሲጨነቅ ይውላል።

ቀኖቹ በትክክል ከተደረደሩ በኋላ ራሳቸው መናገር ይጀምራሉ። እስቲ እንመልከት።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የመተማ ጦርነት ሆነ፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚያ ቆስለው ሞቱ።
ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ።
መስከረም 22 ቀን 1882 ዓ.ም. ደጃዝማች መኰንን (በኋላ ራስ) በኢጣልያ አገር ሳሉ ተጨማሪው ውል ተፈረመ።
ጥቅምት 2 ቀን 1882 ዓ.ም. ኢጣልያ በ17ኛው ክፍል ላይ ተመሥርታ ለኤውሮጳ መንግሥታት ማስታወቂያ ላከች።
ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ከዚህ አጭር ዝርዝር የምንማረው ምንድን ነው? ከመተማ እስከ ውጫሌ 54 ቀን ብቻ ነው። ውሉ የተፈረመው የአገሪቱ ዙፋን ባዶ በሆነበት፥ ምኒልክም ከሌሎች መኳንንት በፊት ዙፋናቸውን ለማጽናት በሚጣደፉበት ወራት መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ኢጣልያም ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር እንደ ሆነች አድርጋ ለዓለም ያስታወቀችው ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሊጭኑ 23 ቀን ሲቀራቸውና መልእክተኛቸው ደጃዝማች መኰንን ገና ከኢጣልያ ሳይመለሱ ነበር። ይህን ሁሉ ማንም መጽሐፍ ሳይነግረን ቀኖቹን አስተካክለን በመደርደር ብቻ አገኘነው። በቃል የተያዘ ዓመተ ምሕረት ዝም ይላል፤ ከጎረቤቱ ጋር የተያያዘ ቀን ግን ይናገራል።

ለ/ ስለ ካርታና ስለ ዓለም ታሪክ

ከእኛ መካከል በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች አንድ ቅሬታ አለን። ስለ ጋሪባልዲና ስለ ቢስማርክ የተማርነው ስለ ራስ አሉላና ስለ ዐፄ ዮሐንስ ከተማርነው ይበልጥ ነበር። የኤውሮጳ ታሪክ በአንድ ደብተር፥ የኢትዮጵያ ታሪክ በሌላ ደብተር ይጻፍ ነበር፤ ሁለቱም ደብተሮች አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው አያውቁም። በዚያን ጊዜ የባዕድ አገር ታሪክ የበዛብን መስሎን እናጕረመርም ነበር። ዛሬ ግን ጥፋቱ የኤውሮጳን ታሪክ መማራችን ሳይሆን ከእኛው ታሪክ ለይተን መማራችን እንደ ነበረ እናያለን።

ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ብንዘረጋቸው እንዲህ ይሆናል። በ1869 እ.ኤ.አ. የስዊዝ ቦይ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ሩባቲኖ የተባለው የኢጣልያ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ ላይ ቦታ ገዛ። በ1870 ሮማ ለተባበረችው ኢጣልያ ተጨመረች፤ በ1871 የጀርመን መንግሥት አንድ ሆነ። በ1882 የኢጣልያ መንግሥት አሰብን ከኩባንያው ተረከበ። ከ1884 መጨረሻ እስከ 1885 መጀመሪያ ድረስ የኤውሮጳ መንግሥታት በቢስማርክ ጠሪነት በበርሊን ተሰብስበው ስለ አፍሪካ መከሩ፤ ጉባኤው ሳያልቅ በፌብሩዋሪ 1885 የኢጣልያ ወታደሮች ምጽዋን ያዙ። በ1887 ራስ አሉላ በዶጋሊ አንድ የኢጣልያ ጦር ደመሰሱ። በ1889 የውጫሌ ውል ተፈረመ።

የበርሊኑ ጉባኤ ከውጫሌ ጋር ያለው ዝምድና ግልጥ ነው። በዚያ ጉባኤ የተወሰነው ጠቅላላ ስምምነት 34ኛ ክፍል፥ በአፍሪካ ጠረፍ አዲስ ቦታ የሚይዝ ወይም አንድን አገር በጥበቃው ሥር የሚያደርግ መንግሥት ለሌሎቹ ፈራሚዎች ማስታወቅ አለበት ይላል። ኢጣልያም በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ማስታወቂያዋን የላከችው ይህንኑ ክፍል ተከትላ ነበር። እንግዲህ የበርሊንን ስብሰባ የማያውቅ ተማሪ ኢጣልያ ለምን እንደዚያ እንደ ቸኮለች አይገባውም፤ የውጫሌን ውል የማያውቅ ደግሞ የበርሊን ስምምነት ቃል በአፍሪካ ምድር ላይ እንዴት እንደ ሠራ አያይም።

ካርታም እንደዚሁ የግድ ነው። የውሉ ሦስተኛ ክፍል ስለ ወሰን ሲናገር ዐራፋሌን፥ ሐላይን፥ ሰገነይቲንና አስመራን ይጠራል። እነዚህን ስሞች በቃል የያዘ ተማሪ ምንም አልያዘም፤ በካርታ ላይ ጣቱን ያሳረፈ ግን ምኒልክ በዚህ ውል ከጠረፉ ሞቃት ቆላ አልፎ ወደ ደጋው ለሚወጣ መንግሥት በር እንደ ከፈቱለት ወዲያው ይረዳል። ይህ ነገር ለአንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ሆኖም የታሪክ ተማሪ የሚወደውን ንጉሥ ድል ብቻ ሳይሆን የከፈለውንም ዋጋ፥ ሌላውንም ያስከፈለውን ዋጋ መመልከት አለበት።

ሐ/ ስለ ውሉ ቃል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የውጫሌ ውል 17ኛ ክፍል በሁለት ቋንቋ መጻፉን፥ ትርጕሙም መለያየቱን የማያውቅ የለም። በፈተና «የትርጕም ስሕተት ነበር» ብሎ የጻፈ ሁሉ ማርክ ያገኛል። ነገር ግን ከእኛ ስንታችን ቃሉን ራሱን አይተነዋል? እኛ በበኩላችን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እስክንገባ ድረስ አላየነውም ነበር።

የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮጳ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ግን «ኮንሴንቴ» የሚል ቃል ገብቶበታል፤ ይህም ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ መንግሥት ለመጠቀም «ተስማምተዋል» ወይም «ፈቅደዋል» ማለት ነው። ልዩነቱን በጥሞና እንመልከተው። «ይቻላቸዋል» ሲባል ሥልጣኑ በንጉሡ እጅ ይቀራል፤ ቢወዱ ይልካሉ፥ ባይወዱ ይተዋሉ። «ተስማምተዋል» ሲባል ግን ነገሩ ከዚህ በፊት ያለቀ ነው፤ ንጉሡ ምርጫቸውን ሰጥተው ጨርሰዋል። በአማርኛ አንድ ግሥ፥ በኢጣልያንኛም አንድ ግሥ፤ የአንድ መንግሥት ነጻነት በእነዚህ ሁለት ግሦች መካከል ተንጠልጥሎ ቆየ።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ 19ኛው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ ሁለቱም በፍጹም የሚስማሙ ስለ ሆኑ እኩል ይታመናሉ የሚል ነው። ስለዚህ «የትኛው ትክክለኛ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ውሉ ራሱ «ሁለቱም» ብሎ ይመልሳል። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው፥ ኢትዮጵያዊም ቢሆን ኢጣልያዊም ቢሆን፥ እውነተኛ ሰነድ በእጁ ይዞ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው። ለታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ አናውቅም።

ልዩነቱ የተገለጠውም በደብዳቤ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ ከጫኑ በኋላ ለኤውሮጳ ነገሥታት በቀጥታ ጻፉ፤ በ1890 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ንግሥት የመጣው መልስ ግን ወደ ፊት ጉዳይዎ በኢጣልያ በኩል ይምጣ የሚል መንፈስ ነበረው። ምኒልክም በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለኢጣልያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ ጽፈው የአማርኛው ቃል እንደዚያ እንደማይል አስታወቁ። በዚያው ዓመት ኮንት አንቶኔሊ ነገሩን ለማስተካከል ተመልሰው መጡ፤ አዲስ ጽሑፍም ተዘጋጀ። የሚያስገርመው፥ በዚህም ጊዜ አማርኛው 17ኛው ክፍል መሰረዙን ሲናገር ኢጣልያንኛው እንደ ጸና ይናገር ነበር፤ ይህ በታወቀ ጊዜ ድርድሩ ፈረሰ፥ አንቶኔሊም አገሩን ለቀው ሄዱ። ባለፈው ጊዜ የተጐዳው ወገን በዚህኛው ጊዜ ቃሉን ጠንቅቆ እንደ ጠበቀ ከዚህ እንረዳለን። በመጨረሻም በየካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን እንደማይቀበሉት ለመንግሥታት አስታወቁ።

መ/ ስለ ጸሓፊው

ቃሉን ካገኙ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ «ይህን የጻፈው ማን ነው? የት ሆኖ? ለማን?» የሚል ነው። ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአማርኛ ከተጻፉት መጻሕፍት ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ።

ጸሓፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱን ዜና መዋዕል የጻፉት በቤተ መንግሥት ሆነው ነው። የሰልፉን ተራ፥ የግብሩን ሥርዓት፥ የሹመቱን ቀን እንደ እርሳቸው የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን የጌታቸው ጥፋት በብዕራቸው ይወጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ዳግማዊ ምኒልክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1901 ዓ.ም. በሮማ አሳተሙ። አማርኛቸው እጅግ ያማረ ነው፤ ውበቱ ግን አንባቢውን ይዞት ሄዶ ሚዛኑን እንዳያስረሳው ያሠጋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በበኩላቸው በ1912 እ.ኤ.አ. በአስመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው የአፈወርቅን ወገንተኝነት ነቀፉ። ለታሪክ ጸሓፊም ሦስት ነገር ያስፈልገዋል አሉ፤ የሆነውን የሚያስተውል ልቡና፥ የማያዳላ ፍርድ፥ ያየውንና የፈረደውን በጥሩ ቋንቋ የሚገልጥ ችሎታ።

ገብረ ሕይወት በልጅነታቸው በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን የተማሩ፥ በኋላም በኤውሮጳ ትምህርታቸውን የቀጠሉ ሰው ነበሩ። እርሳቸውም ቢሆኑ የራሳቸው ዝንባሌ ነበራቸው፤ የኋላ ቀርነት ነገር ያንገበግባቸው ስለ ነበረ ነገሥታቱን ሁሉ በዚሁ ሚዛን ይመዝኑ ነበር። እንግዲህ ለሚሰናዳው ተማሪ የምንመክረው ያልተዛባ መጽሐፍ ፈልግ ብለን አይደለም፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢፈልግም አያገኝም። የእያንዳንዱን መጽሐፍ ዝንባሌ አስቀድሞ አውቆ፥ በዚያው መጠን አስታርቆ ማንበብን ይልመድ።

ስለ ቍጥርም አንድ ቃል እንጨምር። በዐድዋ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት በአንዱ መጽሐፍ 80,000፥ በሌላው 100,000፥ በሦስተኛው 120,000 ሆኖ ይገኛል። የኢጣልያ ጦር በየመዝገቡ የተጻፈ ደመወዝተኛ ነበር፤ የእኛ ሠራዊት ግን በአዋጅ ተጠርቶ በየጌታው ሥር የመጣ ስለ ነበረ እያንዳንዱ ሰው በአንድ መዝገብ አልተጻፈም። ስለዚህ ከቍጥሮቹ አንዱን መርጦ በቃል ከመያዝ ይልቅ «ማን ቈጠረው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሠ/ ስለ ምክንያትና ስለ ሰበብ

በከፍተኛው ክፍል ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ «ለምን?» በሚል ቃል ይጀምራሉ። አማርኛችን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆኑ መልካም ቃላት አሉት፤ «ምክንያት» አንድ ነገር ነው፥ «ሰበብ» ሌላ ነው። አንድ ጥንድ በሬ የተጣላባቸው ሁለት ጎረቤቶች በእርግጥ የተጣሉት ከአባቶቻቸው ጊዜ ጀምሮ በመሬት ወሰን ሊሆን ይችላል፤ በሬው ሰበብ ነው።

የዐድዋ ጦርነት ምክንያት 17ኛው ክፍል ነው ብንል ይበቃልን? ኢጣልያ ምጽዋን የያዘችው ውሉ ከመፈረሙ ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ በዶጋሊም ደም የፈሰሰው ከውሉ በፊት ነው። ስለዚህ «ይቻላቸዋል» የሚለው ቃል በትክክል ተተርጕሞ ቢሆን ኖሮ እንኳ ኢጣልያ ከጠረፍ ወደ ደጋው የመግፋት አሳቧን ትተወው ነበር ማለት ያስቸግራል። በሌላ ወገን ደግሞ ቃሉ እንዲያው ሰበብ ብቻ ነበር ብሎ መናቅም ስሕተት ነው። በዚህ ቃል መሠረት እንግሊዝና ኢጣልያ በ1891 እ.ኤ.አ. የየራሳቸውን የጥቅም ክልል በስምምነት ተከፋፈሉ፤ በኤውሮጳ የታተሙ ካርታዎችም ኢትዮጵያን በኢጣልያ ቀለም ይቀቡ ጀመር። ሰበቡ ራሱ ሌላ ነገር እየወለደ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሌላም ጥያቄ አለ። ምኒልክ ነገሩን በ1882 ዓ.ም. ካወቁ ውሉን በይፋ እስኪያፈርሱ እስከ 1885 ለምን ቆዩ? የዚህ መልስ በውሉ ወረቀት ላይ አይገኝም፤ በእርሻና በበረት ነው የሚገኘው። በኢጣልያኖች በኩል በምጽዋ ከገቡ ከብቶች የተዛመተው የከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአገሪቱን በሬ ፈጀ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ዝናብም ጐደለ፥ አንበጣም ተጨመረ። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የዘለቀውን ያን ዘመን ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ ጠራው። ስንቅ የሌለው ሠራዊት አይዘምትም። የትግሬም ነገር ገና አልረጋም ነበር፤ ራስ መንገሻ ዮሐንስ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የገቡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከዚህም በላይ በተጨማሪው ውል የሐረር ጉምሩክ ዋስትና ሆኖ ከኢጣልያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተፈቅዶ ነበር። ረኃቡን፥ የዙፋኑን ነገርና ብድሩን አንድ ላይ ያየ ተማሪ «ታገሡ» የሚለውን ቃል በሌላ ዓይን ይመለከተዋል። እኛም ያን ጊዜ «15 ዓመት ታገሡ» ስንል የተሳሳትነው በቍጥሩ ብቻ አልነበረም፤ ጊዜ መግዛትንና ትዕግሥትን ሳንለይ ነበር የጻፍነው።

ረ/ በአስተርጓሚ ስለ መማር

በውጫሌ ውል በኢትዮጵያ በኩል አስተርጓሚ የነበሩት ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ነበሩ። ስለ እርሳቸው ጥፋት ወይም ንጽሕና መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ንጉሡ ኢጣልያንኛ አያነቡም ነበርና በሌላ ሰው ዓይን ማንበብ ግዴታቸው ሆነ፤ አደጋውም ከዚያ መጣ።

ታዲያ እኛስ ከዚህ ድነናልን? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪክን የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛው የ17ኛ ክፍል ቃል እንኳ ለብዙዎቻችን መጀመሪያ የደረሰን ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ውል፥ አማርኛ ለሚያውቅ ተማሪ፥ በእንግሊዝኛ ሲነገረው! ይህ ማለት ምኒልክ በግድ የገቡበትን ነገር እኛ በፈቃዳችን ገብተንበታል ማለት ነው።

በዚህ ነገር የሚያሳፍር፥ ግን ደግሞ የሚያበረታታ ምሳሌ አለ። ስለ 17ኛው ክፍል ከተጻፉት ጥናቶች ከሁሉ የታወቀውን በ1964 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ያሳተሙት ስቬን ሩቤንሶን የተባሉ የስዊድን አገር ሰው ናቸው። በአዲስ አበባ ታሪክ ያስተማሩት እኚህ መምህር አማርኛ ተምረው የሁለቱን ቋንቋ ጽሑፍና የተላላኩትን ደብዳቤ ጎን ለጎን መረመሩ። በማግሥቱ ዓመት የኢጣልያው ታሪክ ጸሓፊ ካርሎ ጂግሊዮ መልስ ጻፉ፤ ክርክራቸውም በመጽሔት ላይ ቀጠለ። ክርክሩ ጠቃሚ የሆነው ሁለቱም ሰዎች ወደ ሰነዱ ራሱ በመሄዳቸው ነው። እኛ ግን ቋንቋውን ከእናታችን ጋር ተምረን ሰነዱን ለማየት ሌላ ሰው እስኪጠራን ድረስ ጠበቅን።

ይህን ስንል እንግሊዝኛ ይቅር ማለታችን አይደለም። የኢጣልያንኛውን ጽሑፍ ያላነበበ ሰው የአማርኛውን ብቻ ይዞ እንደሚሳሳት ከዚህ በላይ አሳይተናል፤ ወደ ፊት ለሚገፋ ተማሪ ኢጣልያንኛና ፈረንሳይኛም ያስፈልጉታል። ወደ ውስጥም ስንመለከት የአገራችን ታሪክ በአማርኛ ብቻ አልተቀመጠም፤ በግዕዝ፥ በትግርኛ፥ በዐረብኛ የተጻፈ አለ፤ በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች በሽማግሎች አፍ የተጠበቀ አለ። እያንዳንዱ ተማሪ ግን በእጁ ባለው ቋንቋ ይጀምር። ወላይትኛ የሚያውቅ ወላይትኛ የሚናገሩትን ሽማግሎች ይጠይቅ፤ ትግርኛ የሚያውቅ የትግርኛውን ደብዳቤ ያንብብ። የአፍ መፍቻ ቋንቋ በታሪክ ትምህርት ዘንድ ያለ ደመወዝ የተገኘ አስተርጓሚ ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ ለዘመናዊ ታሪክ ትምህርት የሚሰናዳ ተማሪ በክረምቱ ዕረፍት ሊሠራው የሚችለው ሥራ ይህ ነው። አንድ ደብተር ይግዛ፤ በግራው ገጽ የኢትዮጵያን፥ በቀኙ ገጽ የዓለምን ታሪክ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። አንድ ካርታ በእጁ ይሣል። አንድ ውል ወይም አንድ ደብዳቤ መርጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ ስለ እርሱ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍትንም አንብቦ የት ላይ እንደሚለያዩ ይጻፍ። ከዚያም «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ገጽ መልስ ሰጥቶ ለጓደኛው ያሳይ። ይህን አንድ ጊዜ የሠራ ተማሪ መቶ ዓመተ ምሕረት በቃሉ ከያዘው ይልቅ ይበልጥ ተሰናድቷል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ነው።

በጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል በሁለተኛው ክፍሉ የውጫሌን ውል ፈጽሞ ሰረዘ፤ በሦስተኛውም ኢጣልያ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት እንደምታውቅ ገለጠ። ያ ውል የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነበር። አባቶቻችን በዐድዋ በጦር ካሸነፉ በኋላ ውል በሚጻፍበት ጠረጴዛ አጠገብ ቋንቋን እንደ ገና መምረጥን አልረሱም ማለት ነው። እኛም መጽሐፍ በምንገልጥበት ጠረጴዛ አጠገብ ይህን ልንረሳ አይገባንም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተሳሳትነው ቢኖር አንባብያን እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን። በቀይ ቀለም የተሰመረው መስመር ለእኛ ምን ያህል እንደ ጠቀመን ከመጀመሪያው ተናግረናልና።